ሁለተኛው ኳስ ለምን ይስታል? የስፔር ችግርና መፍትሄ

በቦውሊንግ ስትራይክ፣ ማለትም አሥሩንም ፒን በመጀመሪያው ኳስ መጣል፣ ያስጨበጭባል። ነጥብ የሚሰበስበው ግን ስፔር ነው፤ የተረፉትን በሁለተኛው ኳስ መጣል ማለት ነው። ስሌቱን እዩት። በአስሩም ፍሬም (እስከ ሁለት ኳስ የሚወረወርበት ዙር) በመጀመሪያው ኳስ 9 ፒን እየጣላችሁ የተረፈውን አንድ ብትስቱ ጨዋታው በ90 ያልቃል። ያንን አንድ ፒን በየፍሬሙ ብትጥሉና በመጨረሻው ተጨማሪ ኳስም 9 ብታገኙ ግን 190 ነው። ልዩነቱ መቶ ነጥብ ነው፤ ያለ አንድም ስትራይክ። ስፔር 10 ብቻ ተይዞለት አይቀርም፣ ቀጥሎ የሚወረወረው ኳስ የጣለው ሁሉ ይደመርለታል።

ከታች ያለው በቀኝ እጅ ለሚጫወት የተጻፈ ነው። ግራኞች ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ አንብቡት። የፒኖቹ ቁጥር ከፊት ይጀምራል፦ ፊት ለፊት ያለው 1፣ ከኋላው 2 እና 3፣ ቀጥሎ 4፣ 5፣ 6፣ በመጨረሻው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9 እና 10።

እንደኔ እምነት አብዛኛው የስፔር ጣጣ የሚመጣው ከአንድ ልማድ ነው። ሁለተኛውን ኳስ ልክ እንደ መጀመሪያው እንወረውረዋለን። ስትራይክ ኳሱ እንዲታጠፍ ይፈልጋል፣ ስፔር ደግሞ ቀጥ እንዲል።

ኳሱ 10 ቁጥር ጋ ሊደርስ ሲል ወደ ግራ ይታጠፋል

የቀኝ እጅ ተጫዋች ዋና ራስ ምታት ይሄ ነው። ኳሱ በትክክል እየሄደ፣ እየሄደ፣ መጨረሻ ላይ ፒኑን በግራ በኩል አልፎት ይሄዳል።

ምክንያቱ ዘይት ነው። ሌኑ፣ ኳሱ የሚንከባለልበት መንገድ፣ ላይ ዘይት ይቀባል። በተለመደው የመዝናኛ ቤት አቀባብ መሃሉ ላይ ብዙ፣ ወደ ጠርዙ ትንሽ ሲሆን ፒኖቹ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ደረቅ ነው። ዘይት ላይ ኳሱ ይንሸራተታል። ደረቁ ላይ ግን ሌኑን ይይዛል፤ እጃችሁ የሰጠው ሽክርክሪት ያኔ ሥራውን ይጀምራል። 10 ቁጥር ደግሞ የቆመው ቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ደረቁ ቦታ ነው። እናም ኳሱ የሚታጠፈው ልክ መታጠፍ በሌለበት ሰዓት ነው።

መፍትሄው ሽክርክሪቱን መግደል ነው። ኳሱን ስትለቁ መዳፋችሁ ከኳሱ በስተኋላ ይሁን፣ አንጓችሁ አይዙር። ከለቀቃችሁ በኋላ እጃችሁን እዩት። መዳፉ ወደ ላይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሰው ለመጨበጥ እንደተዘረጋ ወደ ጎን ከዞረ ኳሱን አሽከርክራችሁታል። የሚታጠፍ የራሳችሁ ኳስ ካላችሁ ለስፔር የፕላስቲክ ኳስ ለብቻ ያዙ። ፕላስቲክ ደረቁን ቦታ ብዙም አይዝም። የቤቱ ኳሶች አብዛኞቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ አንዱን መዋስ በቂ ነው።

አቋቋሙም ይቀየራል። ከግራ በኩል ቁሙና ሌኑን በሰያፍ አቋርጡት። እንዲህ ሲሆን ኳሱ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው ዘይት በበዛበት መሃል ነው። ሌኑ ላይ ከተሳሉት ሰባት ቀስቶች መካከለኛው ጥሩ መነሻ ነው። ከቀኝ ሲቆጠር 25ኛው ጣውላ (ሌኑ በርዝመቱ የተከፋፈለባቸው ቀጫጭን ሰቆች) ላይ የተለቀቀ ቀጥ ያለ ኳስ በመካከለኛው ቀስት ካለፈ 10 ቁጥር ጋ ይደርሳል። እሱን ሞክሩና የተረፈውን በእግራችሁ አስተካክሉ።

ኳሱ ፒኑን ሳይነካ ቦይ ውስጥ ይገባል

አንዴ በግራ የሳተ ሰው ቀጥሎ ቦይ ውስጥ መክተቱ የተለመደ ነው፤ ከመጠን በላይ ያርማላ! እዚህ ጋ ትንሽ ቁጥር ይረዳል። ኳሱ 21.6 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ፒኑ በወፍራሙ ቦታ 12። ስለዚህ መሃል ላይ የቆመን አንድ ፒን ለመንካት ከ33 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ መግቢያ አላችሁ፤ ከፒኑ መሃል ግራና ቀኝ 17፣ 17 ያህል። የማዕዘን ፒን ግን መሃሉ ከሌኑ ጠርዝ 7 ሴንቲሜትር ብቻ ይርቃል። የኳሱ መሃል ከዚያ ካለፈ ቦይ ነው። በአንድ በኩል 17፣ በሌላው 7።

ታዲያ የማዕዘን ፒንን መሃሉን አታነጣጥሩ። አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌኑ መሃል አድርጉት። ያኔ በሁለቱም በኩል ለስህተት እኩል ቦታ ይኖራችኋል። 7 ቁጥርም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፦ ከቀኝ ቆማችሁ፣ በሰያፍ፣ ወደ ውስጥ ጎኑ።

ዓይናችሁንም ጠይቁት። ቦዩን እያየ የሚወረውር ሰው ቦዩን ያገኘዋል።

ሁልጊዜ በአንድ በኩል ትስታላችሁ

ይሄ ደስ የሚል ችግር ነው፣ ምክንያቱም የተረጋጋ ስህተት ይታረማል። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ኳሱ ባነጣጠራችሁበት ቀስት ላይ አልፏል? ካላለፈ ችግሩ የአወራወር ነው፤ ቦታ አትቀይሩ፣ በደንብ ደግማችሁ ወርውሩ። ቀስቱን አግኝቶ ፒኑን ከሳተ ግን የቆማችሁበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ብዙ ጀማሪ የሚያየው ፒኑን ነው። ፒኖቹ ከፋውል መስመሩ፣ ስትወረውሩ መርገጥ ከሌለባችሁ መስመር፣ 18 ሜትር ከምናምን ይርቃሉ። ቀስቶቹ ግን ወደ 4.5 ሜትር አካባቢ፣ ሩብ መንገድ ላይ ናቸው። ቅርቡን ዒላማ መምታት ይቀላል። አንድ ቀስት ምረጡና ኳሱ እስኪያልፍበት ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ከዚያ በእግር ማረም ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ኳሱ ወደሳተበት አቅጣጫ እግራችሁን አንቀሳቅሱ። በግራ ከሳተ ወደ ግራ፣ በቀኝ ከሳተ ወደ ቀኝ። ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ቀስቱ ካልተቀየረ እግር ወደ ግራ ሲሄድ ኳሱ መጨረሻ ላይ ወደ ቀኝ ይወጣል።

ከዚሁ ሐሳብ የመጣ የታወቀ ዘዴ አለ፤ 3-6-9 ይባላል። ለስትራይክ ከምትቆሙበት ቦታ ተነሱ፣ ቀስቱም ያው ይሁን። 2 ቁጥር ከተረፈ ሦስት ጣውላ፣ 4 ከሆነ ስድስት፣ 7 ከሆነ ዘጠኝ ጣውላ ወደ ቀኝ ሂዱ። በቀኝ በኩል 3፣ 6 እና 10 ሲተርፉ በዚያው ልክ ወደ ግራ። ዘዴው መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። በተለይ ለ10 ቁጥር እኔ ከላይ ያልኩትን ቀጥ ያለ የሰያፍ ኳስ እመርጣለሁ።

በሰያፍ ስትወረውሩ ኳሱ ገና ከእጅ ሲወጣ ይጎተታል

ትከሻችሁ ነው። ከግራ ቆማችሁ ወደ ቀኝ እየወረወራችሁ ሰውነታችሁ ግን ፊት ለፊት ካየ እጃችሁ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሰውነታችሁን ያቋርጣል። እግራችሁንም ትከሻችሁንም ወደ ፒኑ አዙሩ፣ በመንደርደሪያውም ወደ እሱ ተራመዱ። ጉልበት አትጨምሩ። አንድ ፒን ለመጣል ኃይል አያስፈልግም፤ ኃይል የሚጨምር ሰው ክንዱን ይጎትታል።

የፊተኛው ይወድቃል፣ የኋላው ይቀራል

እንደ አቀማመጡ ምክንያቱ ይለያያል። አንዱ ፒን በሌላው ጀርባ ተደብቆ ሲቆም፣ ለምሳሌ 2 እና 8 ወይም 3 እና 9፣ ኳሱ የፊተኛውን ከመሃሉ ወጣ ብሎ ይመታውና ወደ ጎን ይንሸራተታል። የኋላው ምንም ሳይነካ ቁጭ ይላል። እዚህ የፊተኛውን ልክ መሃሉን፣ በቀጥታ መምታት ነው። ቀላል ኳስ በቀላሉ ስለሚገፋ ለትከሻችሁ የሚመቸውን ከበድ ያለውን ምረጡ።

6 እና 10 ሲተርፉ ደግሞ ተቃራኒ ነው። 6ቱን በግራ ጎኑ በስሱ ከነካችሁት በ10 ፊት ለፊት አልፎ ይበራል። በቀኝ ጎኑ ምቱት፤ ኳሱ ራሱ ቀጥሎ 10ን ያገኘዋል። 3 እና 10 የቀሩበት ትንሽ ስፕሊትም (ተራርቀው የቀሩ ፒኖች) የሚያልቀው 3ን በቀኝ ጎኑ በመምታት ነው።

2፣ 4፣ 5 እና 8 አንድ ላይ ሲቀሩ 2ን ከመሃሉ ጥቂት ወደ ቀኝ ብላችሁ ግቡ። 5ን ኳሱ ራሱ ይወስደዋል፣ 4ን 2 ይጥለዋል። በጠቅላላው ኳሱ ራሱ ብዙ ፒን የሚነካበትን መንገድ ፈልጉ። ፒን በፒን ይወድቃል ብሎ ተስፋ ማድረግ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ጎን ለጎን የቆሙት፣ እንደ 4 እና 5፣ ከሚመስሉት በላይ ከባድ ናቸው። በመሃላቸው ያለው ክፍተት 18 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኳሱ ከዚያ ስለሚሰፋ ሁለቱንም ይነካል፤ ለስህተት ያላችሁ ቦታ ግን በድምሩ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሄን ስትስቱ ብዙ አትናደዱ።

ስፕሊት ሲቀር ምን ይደረግ?

7 እና 10 ብቻ ሲቀሩ ሁለቱንም ለመጣል መሞከር ለጭብጨባ ነው። የማትስቱትን አንዱን ውሰዱ። 4፣ 6፣ 7 እና 10 ከቀሩም በአንድ በኩል ያሉትን ሁለቱን ይዛችሁ ውጡ። ሁለት ነጥብ ከዜሮ ይሻላል።

ስለ ፋውል መስመሩ አንድ ነገር። በሁለተኛው ኳስ መስመሩን ከረገጣችሁ የወደቀው ፒን አይቆጠርም። በመጀመሪያው ኳስ ከረገጣችሁ ግን አሥሩም ፒን እንደገና ይቆማል፣ በሁለተኛው ሁሉንም ከጣላችሁ ስፔር ይያዝላችኋል። ይሄን የማያውቅና ተናዶ ሁለተኛውን እንዲያው የሚወረውር ሰው ብዙ ነው።

ለልምምድ ፒኖቹ ሁሉ ቆመው ሳለ የመጀመሪያውን ኳስ ወደ 10 ቁጥር ብቻ፣ ሁለተኛውን ወደ 7 ብቻ ወርውሩ። ነጥቡን እርሱት። 10 ከወደቀ መስመራችሁ ልክ ነው። 10 ቆሞ ቀርቶ 6 ከወደቀ ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ገብታችኋል፤ ቀስቱን ሳትቀይሩ ትንሽ ወደ ግራ ሂዱ።