የጀልባዋ ጀርባ ሲወዛወዝ፦ ለአሮጌ የፋይበር ጀልባ ችግርና መፍትሄ

ቤንዚን አለ ወይ፣ ካንዴላው ንጹህ ነው ወይ፣ የታንኩ መተንፈሻ ተከፍቷል ወይ እያልኩ አላደክማችሁም። እሱን አይታችሁ ጨርሳችኋል። ይሄ አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዝታችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ለምታድሱ ነው። 5 ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር የምትሸከም፣ ጣና ላይ መረብ የምትጥሉባት።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም

ሞተሩን አትስደቡት። ጣና ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ብላችሁ አስሉት፣ 15 ብላችሁ የገዛችሁት እዚህ 12 ነው። ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ግጠሙ። ካንዴላው ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል፣ የካርቡራተሩ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ወደ ትንሽ ይቀየር። ሰው የሚያደርገው ግን ምንድን ነው? 25 ፈረስ ገዝቶ እዚያው የበሰበሰ እንጨት ላይ ይሰቅላል። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል።

ጋዝ ሲሰጥ የሞተሩ ራስ ወደ ኋላ ይጋደማል

ሁሌ የማየው ይሄን ነው። ሞተሩ የሚሰቀልበትን የኋላ ግድግዳ ከዚህ በኋላ ጀርባ እለዋለሁ። ከውጭም ከውስጥም ፋይበር ነው፣ መሀሉ ግን ኮምፐርሳቶ ነው። ውሃ ከገባበት ፋይበሩ አምሮበት ቁጭ ይላል፣ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ገንፎ ይሆናል።

በትንሽ መዶሻ አንኳኩት። ደህናው ቋ ቋ ይላል፣ የበሰበሰው ዱፍ ይላል። ካልተማመናችሁ ከውስጥ በኩል ታች በ4 ሚሊ ትራፓኖ ብሱት። የሚወጣው ብናኝ ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ቀዳዳውን ድፈኑና ደስ ይበላችሁ። ጥቁር፣ እርጥብና የሚሸት ከሆነ ግን ስቱኮ አያድነውም።

አንድ ልጅ አዲስ ቀለም የተቀባች ጀልባ ገዝቶ መጣ። በርካሽ አገኘኋት ብሎ ሲደሰት ነበር። ሻጩ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም አልብሶበታል። በሳምንቱ ሐይቁ መሀል ሞተሩ ከነጀርባው ቁራጭ ተገንጥሎ ወረደ። የመረብ ገመድ በአጋጣሚ ተጠምጥሞበት ስለነበር ነው ያልሰጠመው። ከሰዓት ንፋስ ተነስቶ፣ በመቀመጫው ጣውላ እየቀዘፈ ሲመሽ ነው ዳር የደረሰው። ስለዚህ ጀርባችሁ ብረት ቢሆን እንኳ ሞተሩን በሰንሰለት እሰሩት!

ውሃው የሚገባው በብሎኖቹ ቀዳዳ ነው። ሰው ሲልከን ቀብቶ ብሎን ያጠብቃል፣ አለቀ። ሲልከኑ በአንድ ክረምት ይላቀቃል። በዚያ ላይ ጀልባዋ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ ናት። የደንገል ታንኳ ባለቤት እንኳ ሥራ ሲጨርስ ታንኳውን ዳር አውጥቶ ያደርቃል። እኛ በስንት ብር የገዛናትን እንረሳታለን።

ጥገናው እንዲህ ነው። የውስጠኛውን ፋይበር በግራይንደር ቁረጡና አንሱ፣ የውጪውን አትንኩት፣ እሱ ቅርጽ ይሰጣችኋል። ጭምብልና መነጽር አድርጉ። ብናኙ ቆዳ ላይ ካረፈ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ ሙቅ ውሃ ያብሰዋል፣ ሌሊቱን ስታኩ ታድራላችሁ። የበሰበሰውን በመሮ እስከ መጨረሻው አውጡ። ከዚያ ይድረቅ። ይድረቅ ስል ነገ ማለቴ አይደለም፣ ቀናት ነው።

አዲሱ እንጨት ላይ አትሰስቱ። የቁም ሳጥን ኮምፐርሳቶ ሙጫው ውሃ አይችልም። አንድ ደንበኛዬ ርካሽ ነው ብሎ እሱን አስገባ፣ ክረምቱ ሲወጣ እንደ ደብተር ቅጠል ተገለጠ። ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ለምኑና ድስት ውስጥ 1 ሰዓት ቀቅሉት። ከተላቀቀ ለማገዶ ነው። ሻጩ ቢስቅባችሁ ይሳቅ። ባለ 18 ሚሊውን ሁለቱን ደርቡ፣ መሀላቸው በሬዚን (ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ) የራሰ ማት (የፋይበር ግላስ ምንጣፍ) አስገቡ፣ ጠርዙን ሁሉ ሬዚን አጠጡት። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። ወደ ቦታው አስገብታችሁ በሞርሳ አጥብቁ። ማዕዘኑን በወፍራም ሬዚን ሙሉና አለስልሱ፣ ማት ሹል ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ አየር ይይዛል። በላዩ ከ3 እስከ 4 ድርብ ማት አልብሱ፣ ወደ ጎንና ወደ ወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ይለፍ።

ሃርድነር፣ ማለትም ሬዚኑን የሚያደርቀው ፈሳሽ፣ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። ፀሐይ ካለ ወደ 10 አድርጉት። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በግምት ጨምሬ ጣሳው ጭሶ የፕላስቲክ ጆጉን አቀለጠብኝ። ሃርድነሩ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፣ ብዙ ውሃ አፍስሱበትና ወዲያው ሐኪም ቤት። አክስለሬተሩ (ማድረቁን የሚያፋጥነው) ለብቻው ከተሸጠላችሁ ደግሞ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አታገናኙት፣ ይፈነዳል። አሴቶን አጠገብ ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ አባሩት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሃ የሚገባበት የሞተሩ ብሎኖች ቀዳዳ። ለ10 ሚሊ ብሎን በ16 ሚሊ ብሱ። ቀዳዳውን በወፍራም ሬዚን ሙሉት፣ ሲደርቅ መሀሉን በ10 ብሱት። አሁን ብሎኑ የሚነካው ሬዚን እንጂ እንጨት አይደለም። ሲካፍሌክስ (ውሃ የማያሳልፍ ማሸጊያ ሙጫ) ቀቡ፣ የማይዝግ ብሎንና ሰፊ ሮንዴላ ተጠቀሙ። የውሃ ማፍሰሻውን ቡሽ ቀዳዳም እንዲሁ። ይሄን የግማሽ ቀን ሥራ ዘላችሁ ከሆነ ሌላውን ሥራ ሁሉ በከንቱ ነው የሠራችሁት።

ሲሮጥ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል

ሞተሩ ከፍ ብሏል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም 2 ሴንቲ ዝቅ ይበል። ጀርባውን ስትሠሩ ቁመቱን ለኩ፣ ለአጭር እግር ሞተር 38 ሴንቲ ገደማ፣ ለረጅም እግር 51።

የማርሽ ዘይቱ ወተት መሰለ

ውሃ ገብቷል። ፕሮፔለሩን ፍቱ፣ ከኋላው የላስቲክ መረብ ክር ተጠምጥሞ ጎሚኑን (ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገውን ጎማ) ቆርጦት ታገኛላችሁ። የራሳችሁ መረብ ነው።

የማቀዝቀዣው ውሃ ቀጠነ

መሳቢያው ላይ እምቦጭ ነው፣ ወይም የፓምፑ ጎማ በአሸዋ አልቋል። ግቢ ውስጥ ሞተሩን ያለ ውሃ "ለሙከራ ብቻ" አስነስታችሁ ከነበር ግን እምቦጩን አታሙት፣ ጎማውን ያቃጠላችሁት እናንተ ናችሁ። በርሜል ውሃ ሙሉና እዚያ ውስጥ አስነሱት።