ከደሴ ወርዶ ባሕር መጥለቅ፦ የሙሻ ደሴት ጉዞ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ወሎ ከባሕር የራቀ አገር ይመስላል እንጂ መንገዱ ያን ያህል አይደለም። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ የድንበሯ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ። የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ወደ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩበት መንገድም ሚሌን እስኪያልፍ ያው ነው። ከጅቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በጀልባ ሲሄዱ ደግሞ ሙሻና ማስካሊ የተባሉ ትንንሽ የኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሳይ ነገር) ደሴቶች ይገኛሉ። በዙሪያቸው በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ የሚታይ ጥልቀት የሌለው ኮራል አለ፤ በኦክስጅን ሲሊንደር ሳይሆን (ብዙ ሰው እንደዚያ ይለዋል) በታመቀ ተራ አየር ለሚጠልቁም የሰጠሙ መርከቦች አሉ።

ከደጋ የሚነሳ ሰው የሚገጥመው ችግር ግን የባሕር ዳር ሰው ከሚገጥመው ይለያል። ዋናው ችግር ያለውም ባሕሩ ላይ ሳይሆን ወደ ቤት በሚመለስበት ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ችግር፦ ጠልቄ ተመልሼ ደሴ ስገባ ትከሻዬንና ክርኔን ይጠዘጥዘኛል፣ እጄን ይደነዝዘኛል፣ ድካሙም አልለቅ ብሎኛል

ብዙ ሰው «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ ማስታገሻ ውጦ ይተኛል። ላይሆን ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰው ውሃ ውስጥ የታመቀ አየር ሲተነፍስ ናይትሮጅን በሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ወደ ላይ ሲወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባ በኩል ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ ግን ለስላሳ ጠርሙስ ድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። ጠላቂዎች ቤንድስ የሚሉት በሽታ ይህ ነው። ከጠለቁ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን ላይ መሳፈር የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ሊያደርግ ይችላልና። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ ከጅቡቲ በአይሱዙ ወይም በሚኒባስ ወጥቶ ደሴ መግባት በዚህ ረገድ ከመብረር አይተናነስም። የመጥለቅ መማሪያ መጽሐፉ ግን «ከመብረርዎ በፊት» ስለሚል የእኛ ሰው «እኔ በመኪና ነኝ» ብሎ ያልፈዋል።

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሚመክረው እንዲህ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ከመብረር ይቆይ፤ ሲወጣ በመካከል ቆሞ መጠበቅ የሚያስፈልገው ዓይነት አጠላለቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በጣም ይበልጥ። ይህ ምክር እስከ 2,400 ሜትር ላለ ግፊት የወጣ ስለሆነ ደሴ ለሚገባ ሰው 24 ሰዓትን እንደ መነሻ ብንይዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

መፍትሄው መርሐ ግብሩን ከመጨረሻው ጀምሮ መሥራት ነው። እዚህ ላይ መንገዳችን ራሱ ያግዘናል። የመጨረሻው መጥለቅ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ያበቃ እንበል። ማክሰኞ ረፋድ ከጅቡቲ ትነሳላችሁ። እስከ ሚሌ ያለው አገር ቆላ ነው፤ ሚሌ ራሷ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማክሰኞ ሌሊት ሎጊያ ወይም ሚሌ ታድራላችሁ። ረቡዕ ጠዋት ወደ ባቲ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደሴ። ዳገቱን ስትጀምሩ ከ40 ሰዓት በላይ አልፏል፤ አዳራችሁም ለናይትሮጅኑ መውጫ ሆኗል ማለት ነው። በአውሮፕላን የሚመለስ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ቦሌ ራሱ 2,330 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከአውሮፕላን ቢወርድም ከከፍታው አይወርድም። ለዚህ ነው ለጠላቂ ወሎዬ ከአውሮፕላኑ መኪናውን የምመርጥለት፤ ወገብ ቢያሳምምም።

ምልክቱ መንገድ ላይ ከጀመረስ? ባቲ ደርሳችሁ ከሆነ ወደ ላይ አትውጡ። ዱብቲ ሆስፒታል ቆላ ላይ ነውና ወደዚያ ተመለሱ። ደሴ ገብታችሁ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል፤ ለሐኪሙም መጀመሪያ የምትነግሩት «ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር፣ ይህን ያህል ሜትር፣ በዚህ ሰዓት» የሚለውን ነው። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ካልተነገረው ይህን በሽታ አስቦ አይጠይቅም። የመጀመሪያው እርዳታ ንጹህ ኦክስጅን ነው፤ ሙሉ ሕክምናው የግፊት ክፍል (አየሩ የሚታመቅበት ዝግ የሕክምና ክፍል) ይፈልጋል። ስለዚህ ገና ቀብድ ሳትከፍሉ ለአስጠላቂው ድርጅት የምታቀርቡት ጥያቄ «ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ ወይ? የግፊት ክፍል የምትልኩት ወዴት ነው?» ይሁን። የሚያድበሰብስ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሕመሙ ይለቃል ብሎ እንደገና መጥለቅ የሚመክር ሰውም አይጠፋም፤ እንዳትሰሙት።

ውሃው ላይ በማስክና በቱቦ ብቻ ለሚንሳፈፍ ይህ ሁሉ አይመለከተውም። የታመቀ አየር አልተነፈሰምና ከጀልባ ወርዶ በቀጥታ ቢሳፈርም ችግር የለበትም። ለፈቃዱ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሲሊንደሩን ትቶ ቱቦውን ይያዝ።

ችግር፦ ሁለት ሜትር እንኳ ሳልወርድ ጆሮዬ ይወጋኛል

ከደሴ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈን፣ ምራቁን ሲውጥ ደግሞ ጧ ብሎ ሲከፈት ያውቀዋል። ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ከደሴ እስከ ሚሌ 2,000 ሜትር ወርዳችሁ ጆሯችሁ የሚሸከመው የግፊት ለውጥ ውሃ ውስጥ 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪና በሰዓታት የሚያደርገውን ውሃ በሁለት ሰከንድ ያደርገዋል። 10 ሜትር ላይ ደግሞ ግፊቱ ከባሕሩ ወለል እጥፍ ይሆናል።

መፍትሄው ሕመም ሳይጀምር ማመጣጠን ነው። አፍንጫን በማስኩ ላይ ቆንጥጦ ይዞ፣ አፍን ዘግቶ፣ በቀስታ እፍ ማለት ወይም መዋጥ፤ ገና ውሃው ላይ እያሉ አንዴ፣ ከዚያ በየግማሽ ሜትሩ። እንቢ ካለ አንድ ሜትር ወጥቶ እንደገና መሞከር። በኃይል መንፋት የጆሮ ታምቡር ይጎዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው በዚያ ቀን አይጥለቅ፤ የአፍንጫ መክፈቻ መድኃኒት ወስዶ መግባትም አይመከርም፤ ታች እያለ ኃይሉ ካለቀ ሲወጣ ይዘጋበታል። አፍንጫን የማይሸፍን የዋና መነጽር ለመጥለቅ አይሆንም፤ ግፊቱን ማመጣጠን አይቻልበትምና።

ችግር፦ ማስኩ ውሃ ያስገባል፤ ካላስገባም ይጨልማል

ውሃ ካስገባ መጀመሪያ ማሰሪያውን ማጥበቅ የሁሉም ሰው ስህተት ነው። ሲጠብቅ ጎማው ይጣመምና ይብሳል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጸጉር ነው፦ የወንድ ጺም ከአፍንጫ ሥር፣ የሴት ሹሩባ በግንባር፣ ወይም የሻሽና የሒጃብ ጠርዝ ከጎማው ሥር መግባቱ። የሻሹ ጠርዝ ከማስኩ ውጭ ይሁን፤ ሪዙ ላይ ትንሽ ቫዝሊን ይቀባ። መሸፈን ለምትፈልግ ሙሉ አካል የሚሸፍን የዋና ልብስ አለ፤ በነገራችን ላይ ከፀሐይና ከጄሊፊሽ ስለሚከላከል ወንዶቹም ቢለብሱት ያዋጣቸዋል። ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ግን ውሃ ሲጠጣ ይከብዳልና ጀልባው ላይ ይቅር።

ማስክ ሲገዛ እንዲህ ይፈተናል፦ ያለ ማሰሪያ ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ አየር መሳብ። እጅን ሲለቁት ካልወደቀ ልክ ነው። አዲስ ማስክ የሚጨልመው ከፋብሪካ የመጣ ስስ ቅባት መስታወቱ ላይ ስላለ ነው፤ በጥርስ ሳሙና ከውስጥ በኩል ደጋግሞ ማሸት ይፈታዋል። ከዚያ በኋላ ከመግባት በፊት ምራቅ ቀብቶ መለቅለቅ ይበቃል።

ችግር፦ ውሃው ላይ ስሆን ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ ፍርሃት ይይዘኛል

ዋና ሳይችሉ ባሕር መሄድ አብዛኛው የደጋ ሰው ያለበት ነገር ስለሆነ ማፈር አያስፈልግም፤ መደበቅ ግን አደገኛ ነው። ለአስጎብኚው «እችላለሁ» ቢባልም ጥልቅ ውሃ ላይ ሲደርሱ መታወቁ አይቀርም።

ፍርሃቱ የሚነሳው ቱቦው ውስጥ በአጭር በአጭሩ ከመተንፈስ ነው። ቱቦ ሲተነፈስበት ያው አየር ይመላለሳል፤ ትንፋሹ ካጠረ ንጹህ አየር አይደርስም። ረጅም አወጣጥ፣ ቀስ ያለ አሳሳብ። ይህን ጉዞው ሳይደርስ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ባለ የሆቴል ገንዳ፣ ቁሞ በሚደረስበት ውሃ፣ ፊትን አስገብቶ መለማመድ ይቻላል። ሐይቅ ከተማ ሄዶ መለማመድም ያምራል፤ ሆኖም ቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ባለበት ጨው አልባ ውሃ ዳር የሚይዝ በሽታ ስለሆነ አስቀድማችሁ የአካባቢውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ባሕር ላይ ላይፍ ጃኬት ልበሱ። አብሽሩ፣ ጨዋማ ውሃ ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ሰውን ያንሳፍፋል።

የመጥለቅ ኮርስ ለሚፈልግ፦ ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ለመጀመሪያ ደረጃ የሚጠይቀው 200 ሜትር መዋኘት (ወይም በማስክ፣ በቱቦና በእግር መቅዘፊያ (ፊን) 300 ሜትር)፣ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ፣ ዕድሜ ቢያንስ 10 ዓመት። የምስክር ወረቀቱ እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት የጤና መጠይቁን በሐቅ ይሙላ፤ ሐኪም ሳያይ አይግባ።

ችግር፦ ሄድን፣ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ አላየንም

ወቅቱን ስታችኋል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ አርታ ዳርቻ፣ ወጣት ዌል ሻርኮች የሚመጡት በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ግዙፍ ቢመስሉም የሚበሉት በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። እንዳትነኳቸው፤ ጥቂት ሜትር ርቆ ከጎን መዋኘት ይበቃል። ገና እና ጥምቀት በዚሁ ወቅት ስለሚውሉ ፈቃድ ለማግኘት ይመቻል፤ ጀልባው ግን ያኔ ውድ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

ችግር፦ ስንደርስ ጀልባው ሄዷል

ባለ ጀልባው «8፡00» ብሎ ጽፎላችኋል። እሱ ያለው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቀኑም እንዲሁ፦ 15 ያለው የኖቬምበር እንጂ የኅዳር አይደለም። ስልክ ስታወሩ «ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስንት ሰዓት ቆይቶ?» ብሎ ማረጋገጥ ያድናል። ዓርብ ከተሜው ሁሉ ወደ ደሴቶቹ ስለሚወጣ ሌላ ቀን ምረጡ። ጅቡቲ ውስጥ እኩለ ቀን አካባቢ ከኢትዮጵያ የሚሄደው ጫት ሲደርስ የሥራው ፍጥነት እንደሚቀንስም እወቁ፤ የጠዋት ጀልባ ያዙ። እናንተም ብትሆኑ ቅማችሁ አትጥለቁ፤ ጫት ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውም ውሃ መጠጣቱን ይረሳል። በረመዳን ለምትጾሙም መጥለቁን ከዒድ በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ የውሃ ጥም ለቤንድስ ያጋልጣል ተብሎ ይታሰባልና።

ችግር፦ ገንዘቡ ካሰብነው በላይ ሆነ

ጀልባ የሚከራየው በአብዛኛው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ሁለት ሆኖ የሚሄድ የስምንት ሰው ይከፍላል። ለጉዞው ብቻ እቁብ መጣል ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሰዎቹም ቀድመው ይታወቃሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በ1 ዶላር 177.7 ገደማ ስለተቆረጠ ዶላር ስትመነዝሩ የሚያጭበረብር በቀላሉ ይታወቃል። ቪዛውን ከመንገዱ በፊት ጨርሱ፤ ጋላፊ ላይ እንደራደራለን ማለት አያዋጣም። መንገዱንም በሚነሱበት ሳምንት ከሾፌሮች ጠይቁ፤ ጉዞው በቀን ብቻ ይሁን።

የቀሩት ጥቃቅኖች

ጀርባዬ ተላጠ፦ ለሰዓታት ፊትን ደፍቶ መንሳፈፍ ነው፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። እጅጌ ረጅም ልብስ ከቅባት ይሻላል፤ ቅባት ካስፈለገ ኦክሲቤንዞን የሌለበት፣ ኮራል ይጎዳልና።

ውሃው ሞቃት ሆኖ በረደኝ፦ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በጣም ፈጥኖ ይወስዳል። ቀጭን የጠላቂ ልብስ ተከራዩ፤ ስትወጡም የነፋስ መከላከያ ይዛችሁ ሂዱ።

ጀልባው ላይ አቅለሸለሸኝ፦ የማስመለስ መከላከያ ክኒን የሚሠራው ከመሳፈር አንድ ሰዓት ያህል በፊት ሲወሰድ ነው፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ስልክ አትመልከቱ፤ አድማሱን እዩ።

ተንሳፍፌ ከጀልባው ራቅሁ፦ የባሕሩ ውሃ ፍሰት ወስዷችኋል። ሁልጊዜ ከጀልባው ስትነሱ መጀመሪያ ፍሰቱን ተቃርናችሁ ዋኙ፤ ሲደክማችሁ እሱ ራሱ ወደ ጀልባው ይመልሳችኋል።