ቴክላይቭን በተርሚናል መጫንና ጠርጎ ማራገፍ

መመረቂያ ጽሑፋችሁን በላቴክ (ጽሑፍን በትእዛዝ አሰናድቶ ፒዲኤፍ በሚያወጣው ሥርዓት) ጻፉ ከተባላችሁ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ቴክላይቭ ነው፤ ላቴክን ከነመሣሪያዎቹ የያዘ የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ «ቴክላይቭ-ፉልን (ሙሉውን ስብስብ) ጫንና ተገላገል» ይላችኋል። አትስሙት! ብዙ ጊጋባይት ነው፣ የዳታ ፓኬጃችሁን ሙልጭ ያደርገዋል፣ ከውስጡ ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜ ልካችሁን አትነኩትም። እኔ አንዴ ጭኜው ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርድ አድሯል።

የማሳያችሁ በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው፤ ዴቢያንና ሚንት ላይም ትእዛዞቹ ያው ናቸው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርጌ ነው የማስቀምጣቸው፣ እናንተ ግን በትንንሹ የላቲን ፊደል ነው የምትመቷቸው። የሚያሳስተው ስሙ ነው፤ ቴክላይቭ ሲጻፍ ቲ፣ ኢ፣ ኤክስ፣ ኤል፣ አይ፣ ቪ፣ ኢ ነው። ኤክሷ «ክ» ተብላ የምትነበበው ላቴክ የተሠራበት የቴክ ፈጣሪ ዶናልድ ክኑት የግሪክ ፊደል ናት ስላለ ነው።

ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ይከፈታል። «ሱዶ አፕት አፕዴት» በሉ፤ አፕት ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያራግፈው ነው። ፓስወርድ ይጠይቃል። ስትጽፉት ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም፣ ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።

ከዚያ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ በዚያው መስመር ላይ ሦስት ስሞችን በክፍት ቦታ እየለያችሁ ጨምሩ፦ ቴክላይቭ፣ ቴክላይቭ-ዚቴክ፣ ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ (የግዕዝ ፊደል ፎንት)። ዚቴክ የሚጻፈው ኤክስ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤክስ ተብሎ ነው። እሱን ያስጨመርኳችሁ ለአማርኛ ስል ነው፤ የተለመደው ፒዲኤፍ-ላቴክ ግዕዝ ፊደል ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፣ ዚቴክ ግን ዩኒኮዱን (ግዕዝም የሚጻፍበትን የፊደላት ኮድ) በቀጥታ ያነባል፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውንም ፎንት በስሙ ጠርቶ ይጠቀማል። ለመስማማት ዋይን ከመምታታችሁ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይነግራችኋል፣ እሷን መስመር አንብቧት።

ኔት ቢቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙት፣ የወረደውን እንደገና አያወርድም። መብራት የሄደው መጫን ከጀመረ በኋላ ከሆነ ግን መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ኮንፊገር»፣ ክፍት ቦታ፣ አንድ ሰረዝና ኤ ብላችሁ ምቱ። ጀምሮ የተወውን ይጨርሳል።

ኋላ ላይ ስትሠሩ የሆነ ፋይል አልተገኘም ካላችሁ ቴክላይቭ-ላቴክ-ኤክስትራን ጨምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።

ማራገፉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሪሙቭ» ሴቲንጎቹን ትቶ ነው የሚሄደው፣ እነሱንም የሚጠርገው «ፐርጅ» ነው። ቴክላይቭን ብቻ ብትሉት ደግሞ የሚወጣው ሌሎቹን ጠርቶ የሚያስጭነው ሰብሳቢው ፓኬጅ ነው፣ ትልልቆቹ እዚያው ይቀመጣሉ። ስለዚህ «ሱዶ አፕት ፐርጅ» ካላችሁ በኋላ ቴክላይቭ ብላችሁ ኮከብ ለጥፉበት፣ ሁለቱንም በነጠላ ጥቅስ ክበቧቸው። ጥቅሱን ከተዋችሁት ተርሚናሉ ኮከቧን የፎልደራችሁ ፋይሎች ስም ሊያደርጋት ይችላል። የሚወጡትን ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ሳታነቡ ዋይ እንዳትሉ፣ ቴክላይቭን ተደግፎ የቆመ ሌላ ፕሮግራም ካለ አብሮ ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ»፣ የወረዱትን ፋይሎች ለማጽዳት ደግሞ «ሱዶ አፕት ክሊን»።

ሆም ፎልደራችሁን ግን አፕት አይነካውም። ፋይል ማኔጀሩን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ ነጥብ፣ ቴክላይቭና የፈረንጅ ዓመት ያለበት ስውር ፎልደር ካያችሁ እሱን አጥፉት። «ቴክኤምኤፍ» የሚለውን ፎልደር ካገኛችሁ ግን መጀመሪያ ከፍታችሁ እዩት፣ ራሳችሁ ያስቀመጣችሁት ነገር ሊኖር ይችላል።