ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ አሮጌ ሞተር እንዳይበላ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሮጌ ኮሮላ ያለው ሰው ሞተሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ሊጠብቀው ይገባል። ዳገት አልወጣ ያለችውን መኪና ለማበርታት ከውጭ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ቱቦ በእጅ የሚሠሩ ሰዎች በዝተዋል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ የአየሩ ሙቀት በ3 ዲግሪ ገደማ በቀነሰ ቁጥር ጥግግቱ 1 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጥቅጥቅ ያለ አየር ደግሞ ለሞተሩ ጉልበት ነው። ኮፈኑ ስር የጋለውን የ60 ዲግሪ አየር ትቶ ከውጭ 25 ዲግሪ አየር የሚስብ ሞተር ልዩነቱ ይሰማዋል። ጉዳት የሚመጣው ከአሠራሩ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት የፋብሪካውን የፊልትሮ ቤት፣ ማለትም የአየር ማጣሪያው የሚቀመጥበትን ሣጥን፣ አውጥቶ መጣል ነው። በምትኩ ሽፋን የሌለው የኮን ቅርጽ ፊልትሮ ሲገጠም ድምፁ ይጎረንናል፤ ሰውም ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል። ነገር ግን ፊልትሮው ራዲያተሩ ያሞቀውን አየር ነው የሚስበው፤ ቀዝቃዛ አየር የሚለው ስም ብቻ ቀረ ማለት ነው። እኔም ይህንኑ አስገጥሜ አንድ በጋ ነድቼበታለሁ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ቱቦውን ፈትቼ፣ ነጭ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ክፍል ውስጡን ጠረግሁት። ጨርቁ የተፈጨ ቡና መስሎ ወጣ። ያ ሁሉ አቧራ ያለፈው ፊልትሮውና ቱቦው በሚጋጠሙበት፣ ፋሸታው (ማጥበቂያ ቀለበቱ) በደንብ ባልያዘው ጠርዝ በኩል ነበር። የመንገዳችን አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት፤ ከዘይት ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩንና ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳቸዋል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ስለዚህ ዋናውን የፊልትሮ ቤት ባለበት ይተዉት፤ አፉ ላይ ብቻ ከፊት ለፊት አየር የሚያመጣ ቱቦ ይቀጥሉበት። የጨርቁን ፍተሻ ደግሞ በወር አንዴ ያድርጉት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቱቦውን ከቧንቧ መሸጫ በተገዛ ፒቪሲ መሥራትም የተለመደ ነው። ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተርና የጭስ ማውጫው በአንድ ጎን ስለሚገኙ ቱቦው እዚያ ሲያልፍ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። የአሉሚኒየም ቱቦ ወይም ለመኪና የተሠራ የላስቲክ ቱቦ ይሻላል። ሲቆርጡት ጠርዙን ሞርደው ውስጡን በውሃ ይጠቡት፤ የቀረች አንዲት ብናኝ ብረት የምትሄደው በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ነው።

የቱቦውን አፍ ፓራውልቱ ስር ዝቅ ማድረግ በበጋ ችግሩ አይታይም። ክረምት ላይ ግን አስፋልቱ ጅረት ሲሆን፣ ከጎን ያለፈ አንድ ሚኒባስ የሚረጨው ውሃ ይበቃዋል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስቶኑ ሲገፋው የሚጣመመው ቢየላው፣ ማለትም ፒስቶኑን የያዘው ዘንግ ነው። አፉን ከፊት መብራቱ ጀርባ፣ ከፍ አድርገው ያቁሙት። መኪናዋ ውሃ ውስጥ ከጠፋችብዎ ደጋግመው አያስነሡ፤ መጀመሪያ ካንዴላዎቹ፣ ማለትም ነዳጁን የሚለኩሱት ብልጭታ ሰጪዎች፣ ወጥተው ውሃው ይውጣ።

ከሞተሩ ክዳን ወደ ፊልትሮው ቤት የምትመጣውን ቀጭን የመተንፈሻ ጎማ ብዙ ሰው ይረሳታል፣ ወይም ክፍቷን ይተዋታል። በዚያች ቀዳዳ ያልተጣራ አየር ይገባል። አየር የሚለካ ሴንሰር ባላቸው የኢንጀክሽን (ያለ ካርቡራተር ነዳጅ የሚረጩ) መኪኖች ላይ ደግሞ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ዝቅ ይላል። በእነዚህ መኪኖች ሴንሰሩ የተቀመጠበትን ቱቦ ስፋት መቀየርም አይገባም፤ ልኬቱ ይዛባል። በዘይት የሚነከር ፊልትሮ ከተጠቀሙ ትርፉ ዘይት የሴንሰሩን ቀጭን ሽቦ ይለብጠዋል።

የመጨረሻው ስህተት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላውም ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል። ይህን የትኛውም ቱቦ አያስተካክለውም። ካንዴላውን አውጥተው ይመልከቱ፤ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የካርቡራተሩን የነዳጅ ልክ ያስቀንሱ። ካርቡራተሩ ለአዲስ አበባ ተቀንሶ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ግን ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሞተሩ በሙቀቱ ላይ ሙቀት ይጨምራል። ከመውረድዎ በፊት መካኒክዎ መልሶ ያስተካክለው፤ የካንዴላው ጫፍ ከነጣ ረጅሙን ዳገት በሙሉ ነዳጅ አይጫኗት።