ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከሰው ጋር ለማለማመድ ቡናውን ተጠቀሙበት

ልጄ አሁን 8 ዓመቱ ነው፣ እዚህ ደሴ እንደኔ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላቸው እናቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ከልጆች ጋር መጫወት የጀመረው መቼ ነው?" ብለው ነው። ቀን የለውም፣ ግን ቅደም ተከተል አለው፣ እሱን ዘላችሁ ልጆች መሃል ብትከቱት ጆሮውን ይዞ ይጮሃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር አብሮ ማየት ነው። ሌላ ልጅ 1 ዓመት አካባቢ ሲሆነው በጣቱ እየጠቆመ ያሳያችኋል፣ የኛዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ይሄ ይዘገያል። የኔው የባጃጅ ጎማ ሲዞር ካየ አይነቃነቅም፣ እኔም አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ጎማውን አያለሁ፣ "ጎማ" እላለሁ፣ በቃ ዝም። ከጎማው ወደኔ አንዴ ዞር ካለ ለዛን ቀን ይበቃል። (አይኔን እይ ብላችሁ አገጩን አትያዙት በናታችሁ።)

ከዛ ተራ መጠበቅ። ለዚህ እንደ ቡና የሚሆን የለም፣ አቦል ቶና በረካ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። የሙቀጫው ድምፅ ስለሚረብሸው እሱ ሳይመጣ ወቅጬ እጨርሳለሁ። ስራው ፈንዲሻ ማዞር ነው፣ መጀመሪያ ለኔ ብቻ፣ ከዛ ለአያቱ፣ ጎረቤት እስኪጨመር 2 ወር ፈጅቷል። ሳህኑን ጭናቸው ላይ ጣል አርጎ ይሮጥ ነበር፣ እሱም ይቆጠራል። እንግዳ "ስምህ ማነው?" ሲለው "ስምህ ማነው" ይላል፣ እያሾፈ አይደለም፣ ብዙዎቹ ንግግር የሚይዙት እየደገሙ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄውን ትቼ መልሱን ቀስ ብዬ እልለታለሁ፣ እሱን ይደግማል። መሳሳም ላይ ደግሞ እንግዳውን ቀድማችሁ ንገሩት፣ የወሎ ሰው ጉንጭ ሳይደጋግም አይለቅም፣ ለልጁ እጅ መዘርጋት ይበቃዋል።

ልጆች ጋር ሲደርስ አንድ ረጋ ያለ ልጅ፣ 15 ደቂቃ፣ ሳይበላሽ ጨርሱት። ጎን ለጎን ሆነው የየራሳቸውን ቢጫወቱም ጨዋታ ነው። ሰኞ ዕለት ግን ሰኞ ገበያ ይዛችሁት አትግቡ፣ እኔም አዋቂዋ ያዞረኛል። ሲናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ደግሞ ሳትቆዩ ሐኪም ጋር ውሰዱት፣ ጆሮውም ይታይ።

ትምህርት ቤት ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ፣ የተባለውን ቃል በቃል ነው የሚወስደው። መምህሩ "አፍህን ያዝ" ቢሉት በሁለት እጁ አፉን ይዞ ደወል እስኪደወል ቁጭ! ስለዚህ "ዝም በል" በሉት፣ በግልፅ። እንዲህ አይነቱን ንግግር ማታ ማታ አንድ በአንድ እናወራለን፣ ትናንት ራሱ መጥቶ "ልብ በል ማለት ምንድነው?" አለኝ።