ለኢንተርንሺፕ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት በቀረበ ቁጥር ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጬ ለኢንተርንሺፕ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ተማሪዎችን ሰነድ አብሬያቸው አያለሁ። እኔም ከዚሁ ከተማ ተነሥቼ ጀርመን አገር በሚገኝ አንድ የውኃ ጥራት ቤተ ሙከራ ውስጥ ለስድስት ወር ሠርቻለሁ። ከራሴም ከእነርሱም እንዳየሁት፣ ጎበዝ ተማሪን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው እዚህ ማንም የማይጠይቀው የዕለት ተዕለት ልማድ ባሕር ማዶ ሲሻገር ትርጉሙ መለወጡ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ስምን በየሰነዱ በተለያየ መንገድ ማስፈር ነው። እኛ በስማችን ላይ የአባትና የአያት ስም እናስከትላለን እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭ አገር ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ተማሪው በማመልከቻው ላይ የአባቱን፣ በኢንሹራንስ ውሉ ላይ የአያቱን ስም ከሞላ፣ ለመዝጋቢው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኖ ይታያል። በስሙ ውስጥ «ጽ» ወይም «ቅ» ካለበት ደግሞ በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ ስለሚኖረው ችግሩ ይበረታል። ስለዚህ የትምህርት ማስረጃውም፣ የቅበላ ደብዳቤውም፣ የአውሮፕላን ትኬቱም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል መከተል አለባቸው።

የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። ኅዳር 10 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ኖቬምበር 19 ቀን 2002 ተወለደ ማለት ነው፤ በዚያው በ1995 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የተወለደው ግን 2003 ይሆናል። ዓመቱን ብቻ ለውጦ ወሩንና ቀኑን እንዳለ የሚተው፣ ወይም ሁልጊዜ 7 ብቻ የሚደምር ብዙ ነው።

ሰዓትን አለማጣራት የቃለ መጠይቅ ዕድል ያስመልጣል። ጀርመኖች ጠዋት 9 ሰዓት ሲሉ በእኛ አነጋገር የጠዋቱ 3 ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ያውም በእነርሱ አገር። ጃንዋሪ ላይ ያ ሰዓት ባሕር ዳር ላለ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን፣ ጁላይ ላይ ግን 4 ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም እነርሱ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተው በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል።

ቪዛን በተመለከተ፣ የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ ለስድስት ወር የሚሄድ ሰው የሚሄድበትን አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ሊጠይቅ ይገባል። ለአጭሩ ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ኤምባሲዎቹ አዲስ አበባ ስለሆኑ ከባሕር ዳር የሚነሣ ተማሪ የመመላለሻውን ጊዜና ወጪ አስቀድሞ ያስብ። ጀርመን ከገባ በኋላም ቤት በያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ ግዴታው ነው።

ስለ ስንቅ አንድ ነገር ልበል። የአውሮፓ ኅብረት ከኅብረቱ ውጭ ካለ አገር በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይከለክላል። እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ፣ በላስቲክ ደራርባ የሰጠችኝ ቋንጣና ንጥር ቅቤ አየር ማረፊያው ላይ ከሻንጣዬ ወጥቶ ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ቆሜ አየሁ፤ ያን ሁሉ ድካሟን እያሰብኩ ዛሬም ያሳዝነኛል። በርበሬውና ሽሮው አልተነካም።

ከሁሉም የከፋው ግን ያልገባንን «እሺ» ብሎ መቀበል ነው። በእኛ ዘንድ ለታላቅ «እሺ» ማለት አክብሮት ነው፤ ደጋግሞ መጠየቅም ሰውን ማድከም ይመስለናል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ኃላፊዬ በአርባ ጠርሙስ የተቀዳ የሐይቅ ውኃ ሰጥተውኝ፣ ፈጠን ባለ እንግሊዝኛ የሚጣራውንና የማይጣራውን ነገሩኝ። ግማሹ ብቻ እንደገባኝ እያወቅሁ «እሺ» ብዬ አርባውንም በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳለፍኳቸው። በውኃው ውስጥ የሟሟውን ፎስፌት ለመለካት ማጣራት ትክክል ነው፤ ጠቅላላ ፎስፈረስ የሚለካው ግን ካልተጣራ ውኃ ስለሆነ ለዚህ የተመደበው ሃያው ጠርሙስ ከንቱ ቀረ። ኃላፊዬ አልተቆጡኝም፤ «ለምን አልጠየቅኸኝም?» ብቻ አሉኝ። እኔ በዝምታዬ ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን የሰሙት «ገብቶኛል» የሚለውን ነው።

ከዚያ ወዲህ የታዘዝኩትን በራሴ አነጋገር መልሼ እነግራቸው ጀመር፦ «እነዚህን ሃያ አጣራለሁ፣ እነዚያን አልነካም፤ በትክክል ተረድቻለሁ?» አሁንም ከተማሪዎቹ ጋር ሰነዱን አይተን ስንጨርስ ይህችን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲሏት አደርጋለሁ። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሙከራ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ዐይናቸውም ወደ ሐይቁ ይሸሻል። ሦስት አራት ጊዜ እናስደግመዋለን።