ያለ አሴቶን የጥፍር ቀለምን በቤት ውስጥ ማስለቀቅ

ብዙዎቻችን ኩቴክስ የምንለው የጥፍር ቀለም በዋናነት ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ንጥረ ነገር በማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ የሚዘጋጅ ነው፤ ሲቀቡት ማሟሚያው ይተንና በጥፍሩ ላይ ስስ ሽፋን ይቀራል። ስለዚህ ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ሽፋኑን መልሶ የሚያላላ ፈሳሽና በቂ ጊዜ ነው። አሴቶን ሥራውን በፍጥነት ቢሠራም የጥፍሩንና የዙሪያውን ቆዳ ወዝ አብሮ ያነሣል፤ በተለይ የአዲስ አበባ አየር በሚደርቅበት በበጋ ወራት ጥፍራቸው የሚሰነጠቅባቸው ሰዎች ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ።

ከሁሉ የተሻለው አማራጭ በፒያሳም ሆነ በአራት ኪሎ ፋርማሲዎች የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ነው። ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በየቤቱ የማይጠፋው አልኮል ያለበት ሳኒታይዘርም ያገለግላል። አረቄ ግን ከፋርማሲው አልኮል ስለሚደክም አይመከርም።

በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡና ጣቶችዎን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩ፤ ከዚያም በደንብ ያድርቁ። ጥጡን በጥፍርዎ ልክ ቆርጠው በአልኮል ካራሱ በኋላ ጥፍሩ ላይ ያኑሩት፤ አልኮሉ ቶሎ እንዳይተን በቀጭኑ በተቆረጠ ፌስታል ይጠቅልሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥጡን አስቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ወዲያው ማሸት ስለሚጀምር ቀለሙ ሳይለቅ ቆዳው ይቀላል። 10 ደቂቃ ከታገሡ በኋላ ጥጡን ጫን አድርገው ከሥር ወደ ጫፍ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሳቡት፤ ያልለቀቀ ካለ በአዲስ ጥጥ ይድገሙ። ደማቅ ቀይና ብልጭልጭ ያለበት ቀለም ሁለት ሦስት ዙር ሊጠይቅ ይችላል። በጥፍሩ ጠርዝ የሚቀረውን ጫፉ በተፈተገና በአልኮል በራሰ መፋቂያ በቀስታ ማጽዳት ይቻላል፤ ምላጭ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ።

አልኮል ካልተገኘ በአሮጌው ቀለም ላይ አዲስ ቀለም ቀብቶ ሳይደርቅ በጥጥ መጥረግ ይቻላል፤ በአዲሱ ውስጥ ያለው ማሟሚያ የታችኛውን ያላላዋል። አንድ ጥፍር ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ሎሚና ኮምጣጤ ብዙ ቢወራላቸውም ቀለሙን አያሟሙም፤ የተሰነጠቀ ቆዳንም ያቃጥላሉ። የጥርስ ሳሙና ቢበዛ የቀረ ጥላ ለማጥራት ይረዳል።

አልኮልም ሆነ የጥፍር ቀለም በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ቡና እየተፈላ ባለበት ከሰል አጠገብ ይህን አይሥሩ፤ መስኮት ይክፈቱ፣ ሲጨርሱም ወደ ምድጃ ከመቅረብዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ፤ ከዚያም ጥፍርዎንና ዙሪያውን ቫዝሊን ወይም ዘይት ይቀቡ።

በመብራት የሚደርቀው ጄል ግን በእነዚህ ዘዴዎች አይለቅም። በጥፍር መላጥ የጥፍሩን የላይኛውን ሽፋን አብሮ ይነቅላል፤ የእጅ ጥፍር ደግሞ በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ጉዳቱ ለወራት ይቆያል። ወደ ሠራው ባለሙያ መመለስ ይሻላል።

ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለዎት ከሆነ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በብርሃን ስለሚሠራ ቀለም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል፤ በዕለቱ ጠዋት ከመቻኮል ከዋዜማው ማስለቀቅ ይጀምሩ፤ ጄል ከሆነም ለነርሷ አስቀድመው ይንገሩ።